ሦስት ቀን ላርናካ፣ ያለ አበባ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 8

ይህን ደብተር የምደብቀው ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ አሮጌ የልብስ ቅዶች የማስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ነው። የልጄ የራጂ ሚስት ሪታ በየሳምንቱ «ላግዝዎት» ብላ ትመጣና አቧራውን በጨርቅ፣ የቀረውን በዓይኗ ትጠርጋለች። ስለዚህ ሁሉንም ነገር እዚህ አልጽፍም። ልጽፍ የምችለው ይህን ነው፦ እኔ ኦዴት፣ ስልሳ ሦስት ዓመቴ፣ ጡረታ የወጣሁ የስፌት አስተማሪ፣ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ለሦስት ቀን ላርናካ ልሄድ ነው። ከተማ ለማየት። ይኸው ነው።

በረራው አርባ ደቂቃ አይሞላም። እኛ ቤይሩት ውስጥ ዓርብ ከሰዓት ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ለመድረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ታክሲ ውስጥ ተቀምጠን እንሳደባለን።

እንዴት እንደ ተጀመረ ግን ልጻፍ፤ ይህ አያስጠይቅም። ዛሬ ጠዋት ኡስታዝ ናዚህን ደረጃው ላይ አገኘሁት። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አስተምረናል፤ እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ስፌት። አሁን እሱ አንደኛ ፎቅ፣ እኔ ሦስተኛ። ሚስቱ ከሞተች አሥር ዓመቷ ነው፤ የእኔ ቡጥሮስ ከሞተ ሰባት።

«ቪዛው መጣ» አለኝ።

ሲድኒ ያለችው ልጁ ልትወስደው ስትሟገት ሁለት ዓመት ሆናት። ትኬቱም ተቆርጧል። ኖቬምበር ሠላሳ።

«ከዚያ አይመለሱም?» አልኩት።

«በእኔ ዕድሜ የሃያ ሰዓት በረራ አንድ ጊዜ ነው፣ ኦዴት።»

እና እኔ፣ ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ «ሰው ምን ይላል» ብዬ የመለስኩት ሴት፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ኡስታዝ፣ ላርናካን አይተው ያውቃሉ?» አለ።

በየሳምንቱ በሬ ላይ የሚሰቅልልኝን የመንደሪን ከረጢት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በካርታ ብቻ» አለ።

በዚህ አገር ሴት ወንድን እንዲህ ጠይቃ «የከተማ ጉብኝት ማለቴ ነው» ብትል ሕፃን እንኳ አያምናትም። ሼኹ ዘንድ ብሄድለት ቤተ ክርስቲያኔ ቁርባን ትከለክለኛለች፤ ካህኑ ዘንድ ቢመጣልኝ ወገኖቹ ፊት ይነሱታል። ሃይማኖቱን አላስለውጠውም፣ እሱም አያስለውጠኝም። የእኛ ማዘጋጃ ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። የላርናካው ይጽፋል። ለዚህ ነው በሁለት ሃይማኖት መካከል የወደቀ የአገራችን ሰው ሁሉ ያቺን ባሕር እየተሻገረ… ግን እኔ የምሄደው ለጉብኝት ነው አልኩ እኮ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 10

የጉዞ ወኪል ጋ ሄድኩ። ሰፈራችን ያለው ጋ አይደለም፤ ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት፣ ማንም የማያውቀኝ ጋ። ሴትዮዋ ጥፍሯን እየቀባች ነበር። «ላርናካ፣ ለሁለት ሰው፣ ሦስት ቀን» ስላት ቀና እንኳ ሳትል «ከአበባ ጋር ነው ያለ አበባ?» አለችኝ።

«የምን አበባ?»

«ጥቅሉን ነው መዳም። አውሮፕላን፣ ሆቴል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ፎቶ አንሺ። ከአበባ ጋርም አለ፣ ያለ አበባም አለ።» አሁን ቀና አለች። «ለልጅዎ ነው?»

«ለጉብኝት ነው።»

«እንግዲያው ያለ አበባ» አለችና ጻፈች። «ሁሉም መጀመሪያ ያለ አበባ ነው የሚሉት።»

ሐሙስ ኖቬምበር 15 እንበራለን። ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ማዘጋጃ ቤቱን እናያለን። የቆየ ሕንፃ ነው አሉ።

ችግር አለ። ፓስፖርቴ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ሆነው። ለፓስፖርቱ አንድ የመዝገብ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለጉብኝቱ ደግሞ ሌላ፣ «ባሏ የሞተባት» የሚል። ኡስታዝ ናዚህ የእሱን በአንድ ጠዋት አወጣ። እኔ ግን ሴት ነኝ፤ ሴት ስታገባ መዝገቧ ወደ ባሏ መንደር ይዛወራል፣ ባሏ ሲሞት ማንም አይመልስላትም። የመንደሩን ማህተም የያዘው ሙኽታር ታኑስ ደግሞ የቡጥሮስ የአጎት ልጅ ነው። ማህተሙን ኪሱ፣ ምላሱን አደባባይ የሚያኖር ሰው ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 13

ተራራ ወጥቼ ተመለስኩ። ሰበብ፦ የወይራ ለቀማ። ወገቤ ተቆርጧል።

«ሁለት ቅጂ?» አለ ሙኽታሩ። «ለፓስፖርት እኮ አንድ ይበቃል፣ የራጂ እናት።»

«አንዱ ቢጠፋስ?»

«አንቺ ወረቀት ጥለሽ አታውቂም። የቡጥሮስን የወታደርነት ካርድ እንኳ እስካሁን አስቀምጠሻል።» መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አወረደው። «ወዴት ነው መንገዱ?»

ሮም ማለት ነበረብኝ። ሉርድ ማለት ነበረብኝ። ስንት ቅዱስ ከተማ እያለ አፌ «ላርናካ» አለ።

ሙኽታሩን ሳል ያዘው። ሚስቱ ውሃ ይዛለት ሮጠች። እሱ ሲስል ሲስል ለእኔም የማሰቢያ ጊዜ ተገኘ፤ ቅዱስ አልዓዛርም በዚያች ደቂቃ ደረሰልኝ። መቃብሩ ላርናካ አይደል!

«ስዕለት አለብኝ» አልኩ። «ቅዱስ አልዓዛርን ልሳለም ነው።»

«ከሞት የተነሳውን?»

«እሱኑ።»

አንዱን ወረቀት ማህተም መታልኝ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ማህተሙን እፍ እፍ አለበትና «ቀለሙ ደርቋል፤ ማክሰኞ በአውቶቡሱ ሹፌር እልክልሻለሁ» አለኝ። አንደኛው ላይ እንደ ጉድ የቀላ ቀለም ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደረቀ! ምን ልበለው? አመስግኜ፣ አንድ ጣሳ ወይራ ተሸክሜ ወረድኩ።

በቅዱስ ስም ዋሸሁ። በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ይቅር ይለኛል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 14

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ከቅዳሴ ስንወጣ አዴል ክንዴን ጨመደደችው። አዴል የቡጥሮስ ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ አንድ ዓመቷ፣ ባል አላየች፣ ከእኔ በላይ አራተኛ ፎቅ ትኖራለች። ወንድሟ ከሞተ ጀምሮ ጥቁር አላወለቀችም። እኔ በሁለተኛው ዓመት ግራጫ ብለብስ አንድ ወር አኮረፈችኝ።

«አልዓዛርን ልትሳለሚ ነው አሉ» አለችኝ።

«ማን አለ?»

«አሉ። ያለ እኔ?»

«እህቴ አዴል፣ ጉልበትሽ እኮ…»

«አውሮፕላኑን ልንገፋው ነው?»

«ፓስፖርትም ያስፈልጋል…»

«አለኝ። ጦርነት ቢመጣ ብዬ በየጊዜው አሳድሰዋለሁ።»

ትመጣለች። አለቀ። ትናንት በዋሸሁት ዛሬ ተከፈለኝ። ቅዱሳን እንዲህ ፈጣን መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16

ሁለተኛው ወረቀት መጣ። ማህተሙ ደማቅ።

አዴል ወርዳ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድ ጠየቀችኝ። ሃያ ሦስት አልኳት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳ «የእጅ ቦርሳስ?» አለች። ማታ ደግሞ በደረጃው ተጣርታ «ጥቁር ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ በጥቁር ፎቶ አያምርም!» አለችኝ። ይህን የምትለኝ ማናት? በግራጫ ያኮረፈችኝ!

እየሰለለችኝ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 19

ኡስታዝ ናዚህን ባሕሩ ዳር አገኘሁት። ሰው ቢያየን ብለን በመካከላችን ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት ትተን ነው የምንቀመጠው፤ ዛሬ አንድ በቆሎ ሻጭ መጥቶ ተቀመጠበት። እስኪነሳ ድረስ ስለ አየር ጠባይ አወራን።

ዕቅዱን በካርታ ሠርቶ መጣ፣ በቀይና በሰማያዊ እርሳስ። አውሮፕላኑ ውስጥ እኔና አዴል አሥራ አራተኛው ረድፍ፣ እሱ ሃያ ሁለተኛው። አንተዋወቅም። ሆቴሉም ሌላ። ይህ ሁሉ ደህና፤ ዓርብ ጠዋት ግን አዴልን ምን እናድርጋት?

እኔ የእንቅልፍ ክኒን አልኩ። እርሳሱን አስቀምጦ አየኝ።

«ቀልዴን ነው።»

«አልመሰለኝም» አለ።

እሱ አውቶቡስ አገኘ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ የተራራ ገዳማትን አዙሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚመልስ። አዴልን ያ አውቶቡስ ላይ ከጫንናት ዓለም ሁሉ የእኛ ነው። ስንለያይ «እውነቱን ብትነግሪያትስ?» አለኝ።

«ከአውሮፕላኑ ብዘል ይቀለኛል።»

ማታ ስለ አውቶቡሱ ለአዴል ነገርኳት፤ ገዳማቱን ከማር በላይ አጣፈጥኳቸው።

«ዓርብ አልችልም» አለች።

«ለምን?»

«ሥራ አለኝ።»

«ላርናካ ውስጥ?»

«የራሴ ሥራ።»

እንግዲህ ጉድ ነው። ከዚህ ሰፈር ወጥታ የማታውቅ ሴት ዓርብ ጠዋት ባሕር ማዶ ምን ሥራ አላት?

እሑድ፣ ኦክቶበር 28

ራጂና ሪታ ምሳ መጡ። አዴልም ወረደች። የላርናካውን ወሬ ያመጣችው ሪታ ናት፤ ወዲያው ራጂ ሹካውን አንስቶ «እማ፣ ሰው ላርናካ የሚሄደው ለአንድ ነገር ነው፤ ልታገቢ ነው እንዴ?» አለ።

ሳቁ። ሪታ እንባዋ እስኪወርድ። እኔም ሳቅኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮኼ ሳቅኩና የታቡሌውን ሰላጣ ሳህን ከእጄ ጣልኩት፤ ፓርስሊው ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

«ምን ያስቃል?» አለች አዴል። «አዋቂ ናት፤ ሄዳ የምትሠራውን ታውቃለች። አንተ ዳቦውን አቀብለኝ።»

ራጂ ዳቦውን አቀበላት። እኔ ተንበርክኬ ቅጠል ለቀምኩ። አቀርቅሬ መቆየቱ በጀኝ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 30፣ ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ሲተኛ

የራጂ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም። ክፉ ልጅ አይደለም። የሳቀው ሊሆን የማይችል ነገር ስለ መሰለው ነው፤ የጎዳኝም ያ ነው። እናቱ ወጥ ትሠራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች። ከዚያ ወዲያ ምን ትፈልጋለች?

ምን እንደምፈልግ ልጻፈው፣ ሪታም ካነበበችው ታንብበው። ጠዋት አንድ ሰው «ዛሬ ዝናብ ይመጣል» ብሎ እንዲነግረኝና ባይመጣ እንድስቅበት እፈልጋለሁ። በቃ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ቡጥሮስ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ያኔ ተቆጥቼ በሩን ዘጋሁበት፤ ለቡጥሮስ ስል ነበርና ያ አይጸጽተኝም። ሁለተኛው ነው የሚያንገበግበኝ። ከልብ ሕመሙ ድኖ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ፣ ሐኪም ደረጃ ከልክሎት፣ በየፎቁ እያረፈ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። አሳንሰሩ እየሠራ ነበር፤ በሩ ሲዘጋ ስለሚጮህ አዴል ትሰማለች ብሎ ነው። ላቡን እየጠረገ ጠየቀኝ። እኔም «ሰው ምን ይላል?» አልኩት።

«ሰው መቼ ዝም ብሎ ያውቃል፣ ኦዴት?» አለኝ። ከዚያ «ሦስተኛ አልጠይቅም፤ ሦስተኛ መጠየቅ ልመና ነው» ብሎ ቀስ እያለ ወረደ። ኮቴውን እስከ አንደኛ ፎቅ ድረስ ቆጠርኩት። አርባ አራት ደረጃ ነው።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ልብስ እየሰፋሁ ነው። የፒስታቺዮ ቀለም፣ ለስላሳ፣ ከጉልበት በታች። አዴል ሳታንኳኳ ገብታ ማሳያው ላይ አየችው። ሁለቴ ዞረችው።

«ይህ የማን ነው?»

«የደንበኛ።»

«ወገቧ እንዳንቺ ነው።»

«ይሆናል።»

«ዕድሜዋስ?»

«አልጠየቅኳትም።»

«ክንዷን ሸፍኝላት» አለች። «በዚያ ዕድሜ ክንድ ፎቶ ላይ ያጋልጣል። እና ንገሪያት፣ ቀለሙ ያምራል።»

ደረጃውን ስትወጣ ታንጎራጉር ነበር። አዴል! ዜማ!

እጅጌውን በአራት ጣት አረዘምኩት። ለሴትየዋ ስል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 8

ፓስፖርት ደረሰ፣ ቪዛም ተመታ። ደስ ብሎኝ ልነግረው ወረድኩ። በሩ ከፈት ብሎ ነበር፤ መተላለፊያው ላይ አንድ ግዙፍ ሻንጣ፣ ሕፃን የሚያስተኛ፣ ተሞልቶ ተቀምጧል። የሲድኒው።

«ገና ሦስት ሳምንት አለ እኮ» አልኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «አዴልን ይዘሽ የምትሄጂው ማስቀረት አቅቶሽ ነው፣ ወይስ ሦስተኛውን እንቢታ እሷ እንድትልልሽ ፈልገሽ ነው?»

ሻንጣውን አየሁ።

«ከአሥራ አራተኛው ረድፍ ተደብቄ ሃያ ሁለተኛው ላይ መቀመጥ እችላለሁ» አለ። «ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ተደብቄ መኖር ግን አልችልም። ሐሙስ ጠዋት ልምጣም ልቅርም አላውቅም።»

ወጣሁ። አርባ አራት ደረጃ፣ እያንዳንዱ ላይ እሱ ልክ ነው፣ አይ አይደለም፣ ልክ ነው እያልኩ።

ልክ ይሆን?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 10

ለአዴል ልነግራት አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን በመዳፍ ስፋት ከፍታ «አሁን ወሬ የለም፣ እጄ ሥራ ይዟል» አለችኝ። ከኋላዋ የጨርቅ መቀስ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። አዴል መርፌ ይዛ አታውቅም።

እሑድ

ደግሞ ወጣሁ። «አዴል፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…» «ለላርናካ አቆይው» ብላ ዘጋችው።

ሰኞ

ሦስተኛ። ጭራሽ አልከፈተችም። ከውስጥ ሆና «ኦዴት፣ ጉልበትሽን አትጨርሺው!» አለች።

ሰው መናዘዝ ፈልጎ የሚሰማው ያጣል?

መንደሪን የለም። ኮቴም የለም። አራት ቀን።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 14

ለወኪሏ ደወልኩላት። «ከአበባ ጋር አድርጊው» አልኳት።

«አውቄ ነበር መዳም» አለች። «ነጭ ነው ሮዝ?»

ነጭ አልኩ። ባይመጣ አበባውን አልዓዛር መቃብር ላይ አኖራለሁ፤ ስሙን ስላነሳሁ ካሳ ይሆነኛል።

የአዴል ሻንጣ በር ላይ ተቀምጧል። ላነሳው ሞክሬ አልተነሳም።

«ምን አለው?»

«መድኃኒት።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኛ ቤት ሁለቱም እያደሩ ከበዱ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 15፣ አየር ማረፊያ

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ጠዋት በአንደኛ ፎቅ ስናልፍ በሩ ተዘግቷል። አላንኳኳሁም፤ አዴል አጠገቤ ናት። አየር ማረፊያ ስንደርስ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ። የለም። ሰልፍ ያዝን፤ የለም። አዴል «አንገትሽ ሊቀጭ ነው፣ ማንን ነው የምትፈልጊው?» ስትለኝ «ማንንም» አልኩ። ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩት ሰው በሦስተኛው ቢቀር ምን ይፈረድበታል?

የአዴል ሻንጣ ሚዛን ላይ ወጣ። ሠላሳ አንድ።

«ስምንት ኪሎ ትርፍ ነው» አለች የሚዛኗ ሴት። «ይቀንሱ።»

«አይቀነስም» አለች አዴል።

«ምንድነው ያለው?»

«መድኃኒት።»

«ስምንት ኪሎ መድኃኒት? ይክፈቱት እባክዎ።»

ተከፈተ። ከላይ የአዴል የሌሊት ልብስ። ከሥሩ ነጭ ነገር፣ ነጭ፣ እስከ ታች ድረስ ነጭ። በስኳር የተለበጠ ለውዝ፣ አምስት አምስቱ በስስ ሻሽ ተቋጥሮ፣ እያንዳንዱ በፒስታቺዮ ቀለም ጥብጣብ የታሰረ። ጥብጣቡ የእኔ ቁራጭ ነው፤ ከስፌት መኪናዬ ሥር ከወደቀው የለቀመችው። ይህ ለውዝ በአገራችን የሚታደለው ሰርግ ላይ ነው። ከኋላችን የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ አወቀ። አንዲት ሴት እልል አለች።

የሚዛኗ ሴት «ሙሽራዋ ማናት?» ብላ ወጣት ስትፈልግ አዴል በአውራ ጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ እደበቃለሁ።

«መቼ አወቅሽ?» አልኳት።

«ታኑስ ቀለሙ የደረቀበት ይመስልሻል? ያን ዕለት ማታ ደወለልኝ፤ ምታላት አልኩት።»

«ታውቂ ነበር?»

«ሰባት ዓመት አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የታመመው ጉልበቴ እንጂ ጆሮዬ አይደለም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲቆም እሰማለሁ። ሳያንኳኳ ተመልሶ የሚወርድበትንም ቀን እሰማለሁ።» መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጠረገችው። «ያኛውን መስማት ሰለቸኝ።»

«አዴል፣ ቤተ ክርስቲያኑስ… ራጂስ… ሰው ምን…»

«ስለ ነፍስሽ አንቺ ከእግዚአብሔር ጋር ትነጋገሪያለሽ። ከሰው ጋር እኔ እነጋገርልሻለሁ። ራጂን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ላይ አይጮህም። ምስክር ሁለት ያስፈልጋል አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ። ዓርብ ሥራ አለኝ ያልኩሽ ምን መስሎሽ ነው? ክኒን ልታስውጪኝ ነበር?»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ክኒኑን እንዴት አወቀች! ጥብጣቡን የለቀመችው ለካ ይህ ደብተር ከተደበቀበት ሥር ነው።

ያኔ ነው ማልቀስ የጀመርኩት። ለውዙ አለ፣ ምስክሯ አለች፣ አበባው ላርናካ ይጠብቃል፤ እሱ ግን የለም። «አዴል» አልኳት፣ «አይመጣም። አስቀይሜዋለሁ።»

«ትርፉን ይወስኑልኝ፣ ሰልፉ ቆመ!» ትላለች የሚዛኗ ሴት።

«የእኔ ሻንጣ ውስጥ ጨምሩት» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። «የእኔ ባዶ ነው።»

ያን የሚያህል የሲድኒ ሻንጣ በሁለት እጁ እየገፋ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ በሰው መሃል መጣ። ክራቫት አስሯል። ሚዛኑ ላይ ሲያወጣው ሰባት ኪሎ፤ አንድ ሱፍና አንድ ጥንድ ጫማ።

«ለሦስት ቀን ይህን ሁሉ?» አለችው ሴትየዋ።

«ሌላ ሻንጣ የለኝም» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ለሲድኒ የሞላሁትን ሌሊቱን ስገለብጥ አደርኩ። ለዚህ ነው የዘገየሁት።»

ተንበርክከን፣ ሦስታችንም፣ ለውዝ ከሻንጣ ወደ ሻንጣ አዛወርን። እልል ያለችው ሴትም አገዘችን። አንድ ቋጠሮ ሰጠናት።

በዚያው ቀን፣ አውሮፕላን ውስጥ

አሥራ አራተኛው ረድፍ። አዴል አጠገባችን የነበረውን ሰውዬ አስነስታ ከናዚህ ጋር ወንበር አለዋወጠችና ሦስታችን አንድ ላይ ተቀመጥን፤ መካከላችን ላይ እሷ።

«መስኮቱ ጋ አትሆኚም?» አልኳት።

«ነገ እስክትፈርሙ ድረስ እዚሁ ነኝ» አለች።

ናዚህ በእሷ ጉልበት ላይ አሳልፎ አንድ መንደሪን ልጦ ሰጠኝ። ግማሹን እሷ በላችው። ከዚያ ክንፉን አየና «ላርናካ ላይ ዝናብ አለ» አለኝ፤ በመስኮቱ ጠራራ ፀሐይ ነው። ሳቅሁበት።

«ምን ትጭሪያለሽ?» ትለኛለች አዴል፣ ደብተሩን በዓይኗ እየሞከረች።

«የጉብኝት ማስታወሻ።»

«ድንቄም ጉብኝት! ከአልዓዛር ጋር ስታስዋሺን ከረምሽ፤ አሁን እንኳ ደህና አድርገሽ ጻፊው።»

እሺ። ሪታም ታንብበው፣ ራጂም ያንብበው። ነገ ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ላርናካ ማዘጋጃ ቤት፣ አገባለሁ።